አልሳስና ሞዜል፦ ምሽግ ሊያዩ ለሚሄዱ፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ቅዳሜ ሲመጣ ራይንን ተሻግሬ ወደ አልሳስ ብቅ ማለት ልማድ ሆኖብኛል። ወዳጆቼ መጀመሪያ ላይ ለወይኑና ለገና ገበያው የምሄድ መስሏቸው ነበር። ምሽግ ለማየት መሆኑን ሲሰሙ ሳቁብኝ። ትንሽ ቆይተው ግን መጠየቅ ጀመሩ። የሁሉም ጥያቄ ስለሚመሳሰል መልሱን አንድ ቦታ ጻፍኩት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው የት ነው? ለምንስ ይህን ያህል ምሽግ ሞላበት?

የፈረንሳይ ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። አልሳስ በቮዥ ተራሮችና በራይን ወንዝ መካከል የተዘረጋ ጠባብ ሜዳ ነው፤ ትልቁ ከተማው ስትራስቡርግ ይባላል። ሞዜል ከተራሮቹ ማዶ፣ ሎሬን ውስጥ ነው። የእሱ ከተማ ደግሞ ሜትስ ነው።

ምሽጉ የበዛው አገሩ ባለቤት ስላበዛ ነው። ሉዊ 14ኛ ስትራስቡርግን በ1681 ያዛት። በ1871 ፈረንሳይ ከጀርመን መንግሥታት ትልቋ በነበረችው በፕሩሲያ ስትሸነፍ አልሳስና ሞዜል ለአዲሱ የጀርመን ግዛት ተሰጡ። በ1918 ወደ ፈረንሳይ ተመለሱ። በ1940 ሂትለር ወሰዳቸው። በ1944 እና በ1945 መጀመሪያ እንደገና ፈረንሳይ ሆኑ። በ1869 ስትራስቡርግ ተወልዳ እስከ 1945 የኖረች አንዲት ባልቴት ከቤቷ ሳትወጣ አራት ጊዜ አገር ተቀይሮባታል ማለት ነው። የመጣው ሁሉ ደግሞ የሄደው ተመልሶ ይመጣል ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ይቆፍራል፣ ይገነባል።

የጦር ታሪክ አላውቅም። ምን ብዬ ነው የማየው?

እኔም ሳላውቅ ነው የጀመርኩት። የሚረዳኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ መድፉ ወዴት ነው የሚያየው? የትኛውም ምሽግ ስትደርሱ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። ወደ ምዕራብ ካየ የሠራው ጀርመን ነው፣ የፈራውም ፈረንሳይን ነው። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ሰሜን ካየ የሠራው ፈረንሳይ ነው። አንዳንዴ ግን መድፉ የአንዱ፣ ተኳሹ የሌላው ሆኖ ታገኙታላችሁ። የዚያን ታሪክ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ሁለተኛው ነገር የግድግዳው ቁሳቁስ ነው። ቀይ አሸዋማ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጡብ፣ ቀጥሎ አርማታ። ግድግዳው የተለወጠው ጥይቱ ስለተለወጠ ነው።

አንድ ቦታ ብቻ የማየት ዕድል ቢኖረኝ የትኛውን ልምረጥ?

ኖፍ ብሪዛክን። ሰዎች ስትራስቡርግን ወይም የማዢኖን መስመር (ፈረንሳይ በ1930ዎቹ በጀርመን ድንበር የደረደረችውን የምሽግ ሰንሰለት) እንድላቸው ይጠብቃሉ። ግን ምሽግ ማለት ምን እንደሆነ በግማሽ ቀን የሚያስተምር ቦታ ይሄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከራይን ማዶ፣ ዛሬ ጀርመን በሆነው ዳርቻ፣ ብራይዛህ የምትባል ኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ አለች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ይዛት ነበር። በ1697 በሪስቪክ ውል መልሳ እንድታስረክብ ተገደደች። ያን ጊዜ ያ የድንበር በር ክፍት ቀረ። ሉዊ ዋና የምሽግ መሐንዲሱን ቮባንን ጠራው። ቮባን ሦስት ዓይነት ንድፍ አቀረበ። ንጉሡ ውዱን መረጠ ይባላል፤ ከሉዊ የሚጠበቅ ነው።

ቮባን ባዶ ሜዳ ላይ ስምንት ማዕዘን ያላት ከተማ ሠራ። መንገዶቿ እንደ ዳማ ሰሌዳ ቀጥ ብለው ይቋረጣሉ። መሀሏ ላይ ሰፊ የሰልፍ አደባባይ አለ። ድንጋዩን ለማመላለስ ብቻ ከተራራው ሥር ካሉት የድንጋይ ማውጫዎች ድረስ ቦይ ተቆፈረ። በዙሪያዋ ያለው ግንብ ከአንድ በላይ ነው፤ በመካከሉ ደረቅ ቦዮች፣ ከቦዮቹ ውስጥ ደግሞ እንደ ደሴት የተነጠሉ ሌሎች ምሽጎች አሉ።

ስትጠጉ የሚገርማችሁ ነገር ከሩቅ ምንም አለመታየቱ ነው። ድሮ ግንብ ከፍ ሲል ነበር የሚከበረው። መድፍ ከመጣ በኋላ ግን ከፍታ ማለት ዒላማ ማለት ሆነ። ስለዚህ ግንቡ ወደ መሬት ወረደ፣ ወፈረ፣ አፈር ለበሰ። የኮከብ ቅርጹም ለጌጥ አይደለም። እያንዳንዱ ሹል ጎን የጎረቤቱን ግድግዳ ያያል። አጥቂው የትም ቢጠጋ ከጎኑ የሚተኩስበት አያጣም። የሚደበቅበት ጥግ እንዳይኖር ነው ሥራው ሁሉ።

ቦዩ ውስጥ ወርዳችሁ መዞር ትችላላችሁ። የሚያስከፍል የለም። ሣሩ ላይ ውሻውን የሚያንሸራሽር ሽማግሌ ታገኛላችሁ፣ ሌላ ሰው ብዙም አይኖርም። ዙሪያውን ረጋ ብሎ ለመዞር አንድ ሰዓት በቂ ነው። ከአራቱ ጥንታዊ በሮች ሁለቱ ቆመዋል፦ የኮልማርና የቤልፎር በር። በቤልፎር በር የቮባን ሙዚየም አለ። ኖፍ ብሪዛክ በ2008 ከሌሎች አሥራ አንድ የቮባን ሥራዎች ጋር በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍራለች።

ከዚያ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ሄዳችሁ ራይንን ተሻገሩና ብራይዛህ ግቡ። ራይንቶር የሚባለውን በር ፈልጉ። ፈረንሳዮች ከተማዋን በያዙበት ዘመን በላቲን ያጻፉበት ጽሑፍ ነበር። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ ለፈረንሳዮች ድንበር ነበርኩ፣ አሁን ድልድይና በር ሆንኩ፤ እነሱ በዚሁ ከቀጠሉ የትም ድንበር አይኖርም። ጉራ ነው። ኋላ ግን ከተማዋን አስረከቡ።

መኪና የለኝም። ስትራስቡርግ ከተማ ውስጥ ምን አለ?

ብዙ አለ። ቱሪስቱ ሁሉ ፔቲት ፍራንስ ሰፈር የእንጨት ቤቶቹን ፎቶ ያነሳል። ከሰፈሩ ጫፍ አራት ግንቦች ያሉባቸው ድልድዮች አሉ። «የተከደኑት ድልድዮች» ይባላሉ፤ ክዳናቸው ከተነሳ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ስሙ ግን አልተነሳም። ከነሱ ፊት ለፊት ወንዙ ላይ የተጋደመው ረጅም የድንጋይ ሕንፃ የቮባን ግድብ ነው። የተሠራው ከ1686 ጀምሮ ነው። ድልድይ ይመስላል፣ ይሻገሩበታልም። ዋና ሥራው ግን ሌላ ነበር። ጠላት ሲመጣ የውሃ በሮቹ ይዘጋሉ። ወንዙ ወደ ኋላ ይሞላና ከከተማው በስተደቡብ ያለውን ሜዳ ሁሉ ያጥለቀልቃል። መድፍ በጭቃ ውስጥ አይጎተትም። ጣሪያው ላይ ውጡ፣ ነፃ ነው። የከተማው ምርጥ ዕይታ እዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በ1870 ግን ውሃው አላዳናትም። ፕሩሲያውያን ከርቀት ደበደቧት። ኦገስት 24 ሌሊት የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። ከጠፉት የብራና መጻሕፍት አንዱ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መነኮሳይት ያዘጋጁት፣ በሥዕል የተሞላ ሆርቱስ ዴሊሲያሩም የሚባል መጽሐፍ ነበር። ብራና ምን ያህል ድካም እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ከወደቀው ግንብ ሁሉ ይብሳል።

ጀርመኖች ከተማዋን ከያዙ በኋላ ሊቆዩ እንዳሰቡ ለማሳየት አዲስ ሰፈር ሠሩ። ኖይሽታት ይባላል። ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ ቤተ መንግሥት፣ ዩኒቨርሲቲ። ከአሮጌው ከተማ ድልድይ ተሻግራችሁ ስትገቡ በርሊን የደረሳችሁ ይመስላችኋል። አሮጌው የከተማው መሀል በ1988 በዩኔስኮ ተመዝግቦ ነበር። ይሄኛው ሰፈር የተጨመረው በ2017 ነው። ፈረንሳዮች «የኛ ነው» ለማለት ጊዜ ወስዶባቸዋል።

እዚያው ሰፈር ሪፑብሊክ አደባባይ ላይ በ1936 የቆመ የጦርነት ሐውልት አለ። አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛለች። ሁለቱም እየሞቱ ነው። ሁለቱም ራቁታቸውን ናቸው። ልብ በሉ፣ የደንብ ልብስ የለም። አንዱ ለጀርመን፣ አንዱ ለፈረንሳይ ነው የሞተው። በሌላው የፈረንሳይ ከተማ ሁሉ ሐውልቱ ላይ «ለፈረንሳይ የሞቱ» ይላል። እዚህ «ለሙታኖቻችን» ብቻ ነው የሚለው። እኔ የፈለገውን ያህል ብቸኩል እዚህ ሳልቆም አላልፍም።

ሜትስስ?

ለባቡር ጣቢያው ብቻ ብላችሁ ሂዱ። ሌላው ከተማ ቢጫ በሆነ የዦሞ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ካቴድራሉ ሳይቀር። ጣቢያው ግን ግራጫ ነው፣ ከባድ ነው፣ ከ300 ሜትር በላይ ይረዝማል። በ1908 ጀርመኖች ያስመረቁት ነው። ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ተቀላቅለው የተወለዱ ይመስላል። ከሥሩ ከ3,000 በላይ የአርማታ ምሰሶዎች ተቀብረው ተሸክመውታል።

ይህ ሁሉ ለተራ ተሳፋሪ አልነበረም። ሜትስ ያኔ የጀርመን የምዕራብ ድንበር ጦር ሰፈር ነበረች። ጣቢያው የታሰበው ጦርነት ሲነሳ ወታደሩን፣ ፈረሱንና መድፉን ቶሎ ለማውረድ ነው። ባቡር የምትጠብቁበት መድረክ ለምን ይህን ያህል ሰፋ ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ፈረሶቹ ናቸው። ግድግዳው ላይ የተቀረጹትን ትንንሽ ምስሎች ለማየት ሃያ ደቂቃ መድቡ።

ጊዜ ከተረፋችሁ የጀርመኖች በር የሚባለውን የመካከለኛው ዘመን በር ከነድልድዩ እዩት። ስሙ ከ1871 ጋር ግንኙነት የለውም፤ የቴውቶን ባላባቶች የሚባሉት የጀርመን የሃይማኖት ጦረኞች በአካባቢው ስለነበሩ ነው።

የሙትዚግ ምሽግ ስሙ አይታወቅም። ምኑ ነው የተለየው?

ስሙ አለመታወቁ ራሱ ይገርመኛል። ከስትራስቡርግ በስተምዕራብ ኮረብታ ላይ ነው። ግንባታው የተጀመረው በ1893 ነው፤ ስሙም የካይዘር (የጀርመን ንጉሠ ነገሥት) ቪልሄልም 2ኛ ምሽግ ነበር።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አዲስ የፈንጂ ጥይት ተፈልስፎ ነበር። ያ ጥይት የድንጋይና የጡብ ምሽጎችን በአንድ ጊዜ አስረጃቸው። ጀርመኖች በ1870ዎቹ በስትራስቡርግ ዙሪያ የሠሯቸው የጡብ ምሽጎች ገና አዲስ ሳሉ ያረጁ ሆኑ። ሙትዚግ የተሠራው ለዚህ መልስ ነው። አንድ ትልቅ ግንብ አይደለም። 254 ሄክታር ላይ የተበተኑ፣ መሬት ውስጥ የተቀበሩ የአርማታ ክፍሎች ናቸው። የሚታየው የሚሽከረከር የብረት ጉልላት ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ፣ ዳቦ ቤት፣ ሆስፒታልና የውሃ ጉድጓድ ነበረው። ወደ 7,000 ወታደር ይይዛል።

መድፎቹ ወደ ምዕራብ ያያሉ። በ1914 የተጠበቀው ጠላት ግን በዚያ አልመጣም። ምሽጉ ከጥቂት ተኩስ በቀር ያለ ጦርነት ጦርነቱን ጨረሰ። ዛሬ በደንብ ተጠብቆ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። የሚንከባከቡት የፈረንሳይና የጀርመን በጎ ፈቃደኞች አብረው ናቸው። ጉብኝቱ በአስጎብኚ ነው፣ ረጅም ነው፣ ደረጃም ይበዛዋል። ግቢው አጠገብ የወታደር ክልል ስላለ ምልክት ካያችሁ አልፋችሁ አትሂዱ።

የማዢኖ መስመር እኮ መሳቂያ ነው ይባላል። ምን ሊታይ ነው?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሰማው።

መስመሩ የተሰየመበት አንድሬ ማዢኖ የፈረንሳይ የጦር ሚኒስትር ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ቆስሎ እግሩ ጉዳት የደረሰበት ሰው ነው። ለምሽጎቹ ግንባታ ገንዘብ የመደበው ሕግ በጃንዋሪ 1930 ጸደቀ። እሱ በ1932 ሞተ፤ የተጠናቀቀውን አላየውም።

ፈረንሳይ የቸገራት ሰው ነው። ከ1914 እስከ 1918 ወጣቱ አለቀ፣ የሚወለደው ሕፃንም ቀነሰ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ለውትድርና የሚደርሰው ጎረምሳ ቁጥሩ እንደሚያንስ አስቀድሞ ታውቋል። ስለዚህ በሰው ፋንታ አርማታ ይቁም ተባለ። ሐሳቡ ጀርመንን ለዘላለም ማገድ አልነበረም። ጦሩ እስኪሰበሰብ ጊዜ ማግኘትና ጀርመን በአልሳስና በሎሬን በኩል በቀጥታ እንዳትመጣ ማድረግ ነው። በቤልጂየም ዞራ ከመጣች እዚያ ላይ እንገጥማታለን የሚል ነበር።

ዞራ መጣች። ግን ፈረንሳይ በጠበቀችበት ቦታ አይደለም፤ በአርዴን ደን በኩል ነው። በሜይ 13፣ 1940 ጀርመኖች ሴዳን ላይ የሜዝን ወንዝ ተሻገሩ። እዚያ ዋናው መስመር አልደረሰም። ስለዚህ «መስመሩ ተሰበረ» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ተዞረ ነው። በጁን ደግሞ በምሽጎቹ መካከል የነበረው እግረኛ ጦር ሲነሳ ጀርመኖች በሳሳው ቦታና በራይን በኩል ገቡ። ትልልቆቹ ምሽጎች አብዛኞቹ ግን እጅ አልሰጡም። ጁን 25 ተኩስ ማቆሙ ሥራ ላይ ዋለ። ውስጥ ያሉት ወታደሮች የወጡት ከዚያ በኋላ በትእዛዝ ነው። ያልተሸነፈ ሰው እጁን አንሥቶ ሲወጣ ምን እንደተሰማው አስቡት።

ይህን ስል ሁሉም አሸነፉ ማለቴ አይደለም። ከአልሳስ ውጭ፣ በመስመሩ ምዕራብ ጫፍ፣ ላ ፌርቴ የሚባል ትንሽ ምሽግ ነበር። በሜይ 19፣ 1940 ውስጡ የነበሩት ከመቶ በላይ ሰዎች አንድም ሳይተርፍ አለቁ። አብዛኞቹን የገደላቸው ጥይት ሳይሆን ጭስ ነው።

ከማዢኖ ምሽጎች የትኛው ይሻላል?

ስትራስቡርግ ካላችሁ ሾነንቡርግ ይቀርባችኋል። ሰሜን አልሳስ ነው፣ ኹንስፓክ ከምትባለው ቆንጆ መንደር አጠገብ። በጁን 1940 በአውሮፕላን ቦምብና በ420 ሚሊሜትር መድፍ ተደብድቧል፤ እስከ መጨረሻው ግን ተኩሷል። ውስጡን በራሳችሁ ፍጥነት መዞር ይቻላል። መሬት ውስጥ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋሻ አለው። ወጥ ቤቱ፣ የናፍጣ ሞተሮቹ፣ የአየር ማጣሪያው ሁሉ በቦታቸው ናቸው።

ሜትስ ካላችሁ ሃከንበርግ። ከሁሉም ትልቁ እሱ ነው፤ ዋሻው 10 ኪሎ ሜትር ያህላል። ድሮ ጥይት ያመላልስ በነበረው የኤሌክትሪክ ባቡር ተሳፍራችሁ ትሄዳላችሁ። ልጆች ይወዱታል፣ እኔም ከልጆቹ አልተሻልኩም። ወደ ላይ አጅበው የሚያወጧችሁ አዛውንት በጎ ፈቃደኞች ብዙ ጊዜ የአካባቢው ተወላጆች ናቸው።

ቅድም ያልኩት ታሪክ የዚህ ነው። በኖቬምበር 1944 አሜሪካኖች ከምዕራብ ሲመጡ ሃከንበርግ በጀርመኖች እጅ ነበር። ጀርመኖቹ ፈረንሳይ በጀርመን ላይ ባጠመደቻቸው መድፎች የፈረንሳይን ወዳጆች መቱ። አሜሪካኖች ከባድ መድፍ አምጥተው ነው ዝም ያሰኟቸው። ስምንት ቁጥር ብሎክ የሚባለው የመድፍ ክፍል ፊት ለፊቱ ተቦርቡሮ ዛሬም ይታያል። ከውጭ ዞራችሁ እዩት።

ሁለቱም ቦታ ዓመቱን ሙሉ 12 ወይም 13 ዲግሪ ገደማ ነው። በነሐሴ ሙቀት ቁምጣ ለብሳችሁ ከሄዳችሁ ጥርሳችሁ ይንቀጫቀጫል። ጃኬት ያዙ። ጋቢ ቢኖርም አያሳፍርም።

መቼ ብሄድ ይሻላል?

ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር። ምሽጎቹን አብዛኞቹን የሚያስጎበኙት ማኅበራት ናቸው። በብርዱ ወራት ወይ ይዘጋሉ፣ ወይ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይከፍታሉ። እኔ አንዴ በጃንዋሪ ሳላጣራ ሦስት እንግዶች ይዤ ሄጄ የተቆለፈ የብረት በር አየን። በሩ ቆንጆ ነበር። ከመነሳታችሁ በፊት የየምሽጉን ድረ ገጽ እዩ፤ የጉብኝት ሰዓቱም በቋንቋ ይለያያል።

ኦ ኮኒግስቡርግ «ፌክ» ግንብ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ግማሽ በግማሽ። ተራራ ላይ ያለው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ በ1633 በስዊድን ጦር ተቃጥሎ ፍርስራሽ ሆኖ ቆየ። በ1899 የሴሌስታ ከተማ ለካይዘሩ በስጦታ ሰጠችው። ካይዘሩ ከ1900 እስከ 1908 እንደገና አሠራው። የሠራው መሐንዲስ ብዙ አጥንቷል፣ ካይዘሩ ግን የፈለገው ጥናት አልነበረም። «አልሳስ ከጥንት ጀምሮ ጀርመን ናት» የሚል ሕንፃ ነው የፈለገው። ስለዚህ የመካከለኛው ዘመን ግንብ ብላችሁ ሳይሆን የ1908 ፖለቲካ ብላችሁ ግቡ። ያን ጊዜ በጣም ያዝናናል። እሑድ ከሰዓት ግን አትሞክሩት፣ ማቆሚያ አታገኙም።

የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት የት አያለሁ?

ሃርትማንስቪለርኮፍ። ስሙን ለመጥራት መታገል አያስፈልግም፤ ወታደሮቹ «ሰው በላው» ነበር የሚሉት። ደቡብ አልሳስ ውስጥ 956 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው። በ1914 መጨረሻና በ1915 ሁሉ ጫፉ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲቀያየር ሺዎች አለቁ።

የጦር ቦዮቹ ዛሬም ደን ውስጥ አሉ። ሁለቱን ወገን አወዳድሩ። የጀርመኑ በድንጋይና በአርማታ የታነጸ ነው፤ ደረጃ አለው፣ መጠለያ አለው። ሊቀመጥ የመጣ ሰው ቤት ይመስላል። የፈረንሳዩ ቦይ አብዛኛው አፈር ነበር፣ ስለዚህ ብዙው ተደርምሷል። ፈረንሳዮች ነገ ወደ ፊት እንሄዳለን ብለው ነበር የቆፈሩት። ሥሩ ያለው የሁለቱ አገሮች የጋራ ሙዚየም በ2017 ተከፍቷል። ከመንገዱ አትውጡ፤ የዛገ ብረት ካያችሁ በእግራችሁም አትንኩት።

ልጆች ይዤ ልሂድ?

ሃከንበርግ፣ ኖፍ ብሪዛክና ኦ ኮኒግስቡርግ አዎ። ስትሩቶፍ ግን ለትንንሾች አይሆንም። ቮዥ ተራራ ላይ ናዚዎች ከ1941 ጀምሮ ያቋቋሙት የማጎሪያ ካምፕ ነው። ከነቅርንጫፎቹ ወደ 52,000 ሰው አልፎበታል፤ ወደ 17,000 የሚጠጋው ሞቷል። ከምሽጎቹ ጋር በአንድ ቀን አትደርቡት። እኔ ደርቤ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የቀረውን ትቼ ተመለስኩ።

ከታች ሺርሜክ ውስጥ ያለውን የአልሳስና ሞዜል መታሰቢያ ሙዚየምም እዩ። ከ1942 ጀምሮ በግድ ለጀርመን ጦር የተመለመሉትን ወደ 130,000 የሚደርሱ የአካባቢው ወጣቶች ታሪክ እዚያ ታገኛላችሁ። አልሳስ ውስጥ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩት ጉዳይ ነው። እናንተም አያቶቻቸው በየትኛው ጦር እንደነበሩ ቀድማችሁ አትጠይቁ።

እኛን የሚያገናኝ ነገር አለ?

አለ፣ ጥቂት። በ1941 መጀመሪያ ከእንግሊዞች ጋር ሆነው ከረንና ምጽዋ ላይ ጣሊያንን የወጉ የነፃ ፈረንሳይ ወታደሮች ነበሩ፤ ከውጭ ዜጎች የተውጣጣው የፈረንሳይ ሌዥዮን 13ኛ ግማሽ ብርጌድ ከነሱ አንዱ ነው። ያው ክፍል በጃንዋሪ 1945 በረዶ ውስጥ አልሳስ ባለችው ኮልማር ከተማ አጠገብ ሲዋጋ ነበር።

ስትራስቡርግንም ነፃ ያወጣው ጀነራል ሌክሌርክ መሐላውን የማለው አፍሪካ ውስጥ ነው። በማርች 1941 የሊቢያዋን ኩፍራን ከጣሊያን ሲቀማ፣ ባንዲራችን በስትራስቡርግ ካቴድራል ላይ ሳይውለበለብ መሣሪያ አናስቀምጥም አለ። ከቻድ የተነሳው ጦሩ አብዛኛው ጥቁር አፍሪካዊ ነበር። ባንዲራው በኖቬምበር 23፣ 1944 ተሰቀለ።

አልሳስ ውስጥ ሲጎልስሃይም በምትባል መንደር ከወይን እርሻው በላይ 1,589 መቃብር ያለበት የወታደር መካነ መቃብር አለ። ብዙዎቹ የሰሜን አፍሪካ ሙስሊሞች ናቸው። የመቃብራቸው አቅጣጫ ከሌላው ይለያል፤ ወደ መካ ነው። ስትወጡ ሜዳው ሁሉ እስከ ራይን ድረስ ይታያችኋል።

ቪዛና ጉዞውስ?

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ የሸንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ ነው። በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያስቆያል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠየቃል። ብዙውን ሌሊት የምታድሩት ፈረንሳይ ከሆነ ማመልከቻው ለፈረንሳይ ነው የሚገባው፣ በፍራንክፈርት ብታርፉም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፍራንክፈርት ይበራል፤ ከዚያ ስትራስቡርግ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ከፓሪስ ደግሞ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም።

ጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ሁለቱንም ያዙ። ከ2024 ሴፕቴምበር ወዲህ ጀርመን በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ፍተሻ ጀምራለች፤ ስትመለሱ ሊያስቆሟችሁ ይችላሉ። የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ያላለቀ ሰዎች ግን ድንበሩን ከመሻገራቸው በፊት ጠበቃቸውን ይጠይቁ። ስትራስቡርግ ላይ ትራም ተሳፍሮ ሳያውቁት ጀርመን መግባት ቀላል ነው፦ ከ2017 ጀምሮ ትራሙ ራይንን ተሻግሮ ኬል ይደርሳል።

ጾም ላይ ከሆንኩ ምን እበላለሁ?

ከባድ ነው። የአገሬው ምግብ ፍላምኩሽ ከስስ ሊጥ፣ ከክሬም፣ ከሽንኩርትና ከአሳማ ሥጋ ይሠራል። ሹክሩቱ ጎመን ነው ብላችሁ ስትደሰቱ ላዩ ላይ ቋሊማ ተከምሮ ይመጣል። ሙስሊም ወዳጆቼም እዚሁ ላይ ነው የሚያማርሩት። ዳቦ፣ ፍራፍሬና ውሃ ቋጥራችሁ ሂዱ። ምሽጎቹ ያሉት መንደር ውስጥ ስለሆነ ሱቅም አይገኝም።

ባቡሩ ለምንድነው በቀኝ የሚሄደው?

ይሄን ያስተዋለ ሰው አንድ ብቻ ገጥሞኛል፤ የአዲስ አበባ ባቡር ሠራተኛ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ባቡር በግራ ሐዲድ ነው የሚሄደው። አልሳስና ሞዜል ውስጥ ግን በቀኝ ይሄዳል፣ እንደ ጀርመን። ሐዲዱንና ምልክቱን በዚያ መልክ ያደራጁት ከ1871 በኋላ የመጡት ጀርመኖች ናቸው። ፈረንሳይ ስትመለስ መቀየሩ አላዋጣትም። ስለዚህ ከፓሪስ በሚመጣው አሮጌ መስመር ላይ፣ የድሮው ድንበር በነበረበት አካባቢ፣ አንዱ ሐዲድ በድልድይ ከሌላው በላይ ተሻግሮ ቦታ ይለዋወጣል። በመስኮት በኩል ከተቀመጣችሁ ታዩታላችሁ።